ገና በተገዛች መኪና ላይ የሚግል ሞተር

ጥያቄ፦ አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ በገዙ በሦስተኛው ሳምንት ሞተሯ ዳገት ላይ ይግል ጀመር። የራዲያተሩ ውኃ ይጎድላል፤ ሲፈስ ግን አይታይም። ሻጩ «ከሸጥኩ በኋላ አያገባኝም» ብሏቸዋል። ምን ያድርጉ?

መልስ፦ መጀመሪያ መንዳቱን ያቁሙ። በጋለ ሞተር ጥቂት ኪሎ ሜትር መጓዝ እንኳ ቴስታታውን ሊያጣምም ይችላል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩ ክዳን አይከፈት፤ ክፉኛ ያቃጥላል።

ውኃው ሳይፈስ መጥፋቱ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያስጠረጥራል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከተገኘ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ቴርሞስታቱና ፋኑም ይታዩ፤ ችግሩ እነሱ ጋ ከሆነ ወጪው ቀላል ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚሸነፉት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው፦ አስጠግነው ከጨረሱ በኋላ ይከራከራሉ። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የጋራዡ ምርመራ በጽሑፍ ይያዝ፤ ሻጩም ሳይዘገይ በጽሑፍ ይነገረው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ውሉ ዋስትናን ቢያስቀርም እንኳ፣ ጉድለቱን በተንኮል የሸሸገ ሻጭ አያመልጥም። በግልጽ ይታይ የነበረ ጉድለት ግን ገዢውን አይጠቅመውም። ክሱም ጉድለቱ ለሻጩ ከተነገረ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።