የአዲስ ዓለም ከተማ አመሠራረት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሆለታን አልፈን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ አዲስ ዓለምን እናገኛለን። ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ በሚያበቅል አገር መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው ግን ትንሽ እንድትሆን አልነበረም፤ ነገሩም የእንጨት ነገር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቧ ፈጥኖ በዛ። ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲባል በዙሪያዋ የነበረው ደን ተጨፈጨፈ፤ እንጨት ለቃሚውም ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ መሄድ ግድ ሆነበት። የቀድሞ ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ሰፈር ይለውጡ ነበርና፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. ገደማ ይህን ሥፍራ ለአዲስ መናገሻ መረጡት። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የሆነውም ጎዳና ከአዲስ አበባ እስከዚያ ተሠራ። ስሙ አዲስ ዓለም ተባለ። ቦታው ግን ከዚያ በፊትም ስም ነበረው፤ እጀርሳ ይባላል፤ በኦሮምኛ ወይራ ማለት ነው። ከተማ ሁሉ በባዶ መሬት ላይ የተቆረቆረ አድርገን መናገር ስለ ለመድን ይህን ማንሣት ተገቢ መሰለን።

በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ተተከለ። በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት የሠሩትም ሰዎች መነሣቱን አልወደዱትም። መዛወሩ ቀረ፤ ለዙፋን የታሰበው ሕንጻ የእመቤታችን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የቤተ መንግሥት ሰፈር ንጉሡ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። ደብር ግን ካህናቱንና ምእመናኑን ይዞ ይቀመጣል፤ ገበሬውም እህሉን ይዞ ይመጣል። ከተማዪቱ እስከ ዛሬ የቆየችው በዚህ ይመስለናል።

ይህን ታሪክ ያጠናነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅጽራችን ያሉት ወይራዎች ተቆርጠው፥ ለአዳራሻችን ማሠሪያ ገንዘብ ፈጥኖ እንዲገኝ ባሕር ዛፍ ይተከል የሚል ሐሳብ በጉባኤያችን ቀርቧል። ባሕር ዛፍ አንድ ከተማ ከመፍለስ ያዳነ ዛፍ ነውና አንንቀውም። ነገር ግን ውኃ ይስባል፤ ከሥሩም ሣር እንኳ እንደ ልብ አይበቅልም። ወይራ ደግሞ ዛሬ ቢተከል ጥላውን የሚያዩት ልጆቻችን ናቸው። ከእኛም መካከል በዚህ ያልተስማሙ አሉ። ጉዳዩ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይታያል፤ እስከዚያ እያንዳንዳችን ቅጽሩን ዞረን ስንት ወይራ እንደ ቀረ እንቁጠር።