ተመልካች የማይቀመጥበት ቴአትር

ቴአትር ሲባል ጥቂት ሰዎች መድረክ ላይ ይጫወታሉ፣ የቀረነው ቁጭ ብለን እናያለን። ይህን ልማድ ከገለበጡት ሰዎች አንዱ አውጉስቶ ቦዋል የተባለ ብራዚላዊ ጸሐፌ ተውኔት ነው።

ቦዋል በ1931 (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው) ሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ኒውዮርክ ሄዶ የኬሚካል ምህንድስና ተማረ፤ ልቡ ግን ቴአትር ላይ ነበርና በ1956 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አሬና በሚባል ቴአትር ቤት ሥራ ያዘ።

አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ገጠር ወርዶ ለገበሬዎች ተጫወተ። ተዋንያኑ ጠብመንጃ ይዘው፣ ለመሬት ሲባል ደም ይፍሰስ እያሉ ዘፈኑ። ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ገበሬ መጣና፣ በሉ ጠብመንጃችሁን ይዛችሁ ተከተሉን፣ መሬታችንን የቀማንን ባላባት እንግጠመው አላቸው። ጠብመንጃው ግን ለማስመሰል የተሠራ ነበር። ይህንኑ ነገሩት። ጠብመንጃው የውሸት ቢሆን እናንተ የእውነት ሰዎች ናችሁ፣ መሣሪያ እኛ እንሰጣችኋለን አለ። እንቢ ሲሉት ጊዜ፣ እንግዲያው ይፍሰስ ያላችሁት ደም የኛ ነው እንጂ የናንተ አይደለም አላቸው። ቦዋል አፈረ። ከዚያ ወዲያ ራሱ የማያደርገውን ሌላው ያድርግ ብሎ መምከር ተወ። ከከተማ መጥተን የምናስተምር እኛም ይህን ስናነብ ትንሽ ደንገጥ ብለናል።

በ1971 የአገሩ ወታደራዊ መንግሥት አስሮ አሰቃየው። ሲፈታ ተሰደደ። በ1973 በፔሩ አገር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውስጥ ሠራ። እዚያ ከታዩት ጨዋታዎች አንዱ እንዲህ ነው። ማንበብ የማትችል አንዲት ሴት አለች። ባሏ ወረቀቶች ሰጥቷት፣ ትልቅ ሰነድ ነውና አስቀምጪልኝ ይላታል። አምናው ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ይጣላሉ። ወረቀቱ የቤታችን ጉዳይ እንዳይሆን ብላ ፈርታ ለጎረቤቷ ታስነብባለች። ለካስ የባሏ ውሽማ የጻፈችለት የፍቅር ደብዳቤ ኖሯል! በገዛ እጇ ስትጠብቅለት ከርማለች።

እዚህ ላይ ጨዋታው ይቆማል። ባልየው ማታ ሲመጣ ሴትዮዋ ምን ታድርግ? ተብሎ ተመልካቹ ይጠየቃል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተነጋገሩበትና ቀጥላችሁ አንብቡ።

አንዷ ታልቅስ አለች። ሌላዋ ቤቱን ትታለት ትሂድ አለች፤ ግን ብቻዋን የምትቀረው እሷው ናት። ሌላዋ ደግሞ በር ትዝጋበት አለች፤ ባልየው ደስ ብሎት ደመወዙን ይዞ ወደ ውሽማው ሄደ። ተዋንያኑ የተባለውን ሁሉ እየሠሩ አሳዩ። አንዲት ግዙፍ ሴት ግን ተዋናይቷ እንደ ሐሳቧ አልሠራችላትምና ተናደደች። ቦዋልም፣ እስቲ ራስሽ ነይና አሳዪን አላት። ወጥታ ባል ሆኖ የሚጫወተውን ምስኪን ተዋናይ ደበደበችው፣ ከዚያም ይቅር አለችው። ተመልካች ተነሥቶ ተጫዋች የሚሆንበት ቴአትር በዚህ ዓይነት ተጀመረ። ቦዋል ዘዴውን በ1974 «የተጨቆኑት ቴአትር» በሚል መጽሐፍ አወጣው።

በ1986 አገሩ ገባ። ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ። በየሰፈሩ ሕዝቡ ችግሩን በቴአትር እያሳየ መፍትሔውን ሲሞክር፣ ቦዋል ያን ወደ ምክር ቤት ይወስድ ነበር። በዚህ መንገድ 13 ሕጎች ወጡ። ቦዋል በ2009 በተወለደበት ከተማ አረፈ።