«ባንክ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺዎችና አጠቃቀም፦ በዓለም ከተማ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ የማስተማሪያ ሐሳብ

መግቢያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በአማርኛ ሲማር የቆየ የመርሐቤቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ጂኦግራፊውም ባዮሎጂውም በዚያው ቋንቋ ይቀርቡለታል። በዚህ ሁኔታ አንድን ቃል በከፊል ማወቅ ጨርሶ ካለማወቅ ይልቅ የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ተማሪው የማያውቀውን ቃል ይጠይቃል ወይም መዝገበ ቃላት ይመለከታል፤ የሚያውቀው የመሰለውን ግን ሳይጠራጠር ያልፈዋል። ይህ ጽሑፍ «ባንክ» የተሰኘውን ቃል በምሳሌነት ወስዶ፣ የቃሉን ልዩ ልዩ ፍቺዎች ተማሪው በአማርኛ ካለው ዕውቀት ተነሥቶ እንዴት ሊማራቸው እንደሚችል ያሳያል።

የችግሩ ምንነት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባንክ ኦፍ አቢሲኒያ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ባንክ» በሀገራችን የታወቀ ቃል ሆኗል። ነገር ግን አማርኛ የተዋሰው የቃሉን አንድ ፍቺ ብቻ ነው፤ ይኸውም ገንዘብ የሚቀመጥበትን፣ ብድርም የሚገኝበትን ተቋም ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ የወንዝ ዳርን፣ ከፍ ብሎ የተከመረ አፈርን፣ የተቆለለ ጉምንም ይሰይማል።

ዓለም ከተማ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች መካከል ባለ ከፍተኛ ስፍራ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የሚመጣው መንገድ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ ወንዝ ሲታጠፍ ጎርፉ የውጭውን ዳር እየቦረቦረ እንደሚንድ፣ በውስጠኛው ዳር ደግሞ አሸዋ እንደሚተው በዓይኑ የማየት ዕድል አለው። እንበልና በጂኦግራፊ ፈተና «ወንዝ በሚታጠፍበት ስፍራ መሸርሸር የሚበረታው በየትኛው ባንክ ነው?» የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ቀረበለት። መልሱን ያውቀዋል። ሆኖም ቃሉ ገንዘብ ቤቱን ብቻ የሚያስታውሰው ከሆነ ዕውቀቱ አይጠቅመውም፤ ነጥቡን የሚያጣው ወንዙን ባለማወቁ ሳይሆን የቃሉን ሌላ ፍቺ ባለማግኘቱ ነው።

የቃሉ ሥርወ ታሪክ

የገንዘብ ተቋሙ መጠሪያ የተገኘው «ባንካ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል ሲሆን፣ ገንዘብ መንዛሪዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑበትን አግዳሚ ወይም ጠረጴዛ ያመለክት ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። የወንዝ ዳር የሚለው ፍቺ ግን በሌላ መንገድ፣ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወደ ኋላ ሲከተሏቸው በአንድ ጥንታዊ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ሥር ይገናኛሉ። የዓለም ከተማ እኅት ከተማ ፋተርሽቴተን በምትገኝባት በጀርመን፣ «ባንክ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ አግዳሚ ወንበርንም የገንዘብ ተቋምንም ይጠራል።

በአማርኛ የሚገኙ መሸጋገሪያዎች

ተማሪው ይህን ታሪክ እንደ ባዕድ ነገር እንዳያየው የሚረዱ ሦስት መነሻዎች በራሱ ቋንቋ ይገኛሉ።

አንደኛው «ባንኮኒ» ነው። በሱቅና በቡና ቤት ሻጩንና ገዢውን የሚለየው ይህ ረጅም ጠረጴዛ ስሙን ያገኘው ከኢጣልያንኛ ነው፤ የጥንቱን የመንዛሪዎች ጠረጴዛ በቀላሉ ያስታውሳል።

ሁለተኛው «መደብ» ነው። በገጠር ቤት በግድግዳ ጥግ ከአፈር ከፍ ተደርጎ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ይባላል፤ ችግኝ የሚፈላበትም ከፍ ያለ አፈር እንዲሁ መደብ ነው። ይህ የሥርወ ቃል ዝምድና አይደለም፤ ሆኖም ከፍ ያለ አፈርና መቀመጫ በአንድ ስም ሊጠሩ መቻላቸው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው ኅብረ ቃል ነው። ቢላዋ የሚስል ሰው «ሳለ» ይባላል፤ ሥዕል የሠራም «ሣለ»፣ ጉንፋን ይዞት ያስቸገረውም «ሳለ» ይባላል። ሰሚው የሚለያቸው በዐውድ ነው። በሰምና ወርቅ ያደገ ተማሪ አንድ ድምፅ ከአንድ በላይ ፍቺ እንደሚይዝ ያውቃል፤ የሚቀረው ይህንኑ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ንባቡ ማሻገር ነው።

አጠቃቀም

ፍቺውን ከሚያመለክቱ ነገሮች ዋነኛው ከቃሉ ጋር የሚሄደው መስተዋድድ ነው። ገንዘብ ያለው «ኢን ዘ ባንክ» ሲሆን፣ ዓሣ አጥማጅ የሚቀመጠው ግን «ኦን ዘ ባንክ» ነው። «ኦፍ ዘ ሪቨር» የሚል ተከታይ ካለ ጥርጥር አይቀርም። የወንዝ ግራና ቀኝ ባንክ የሚለየው ፊትን ውሃው ወደሚፈስበት አቅጣጫ በማዞር ነው። «የደም ባንክ» እና «የጂን ባንክ» በሚሉት ቃሉ ለኋላ ጊዜ የሚጠበቅ ክምችትን ያመለክታል፤ ይህም ከገንዘብ ተቋሙ የተወሰደ ፍካሬያዊ ፍቺ ነው። ግስ ሆኖ «ኦን» ሲከተለው ደግሞ መተማመን፣ ተስፋ መጣል ማለት ይሆናል። ይህን ፍቺ ከስሙ ብቻ መገመት ስለሚያስቸግር ከነምሳሌ ዐረፍተ ነገሩ ሊጠና ይገባዋል።

የማስተማሪያ ቅደም ተከተል

መምህሩ በመጀመሪያ ተማሪዎች የሚያውቁትን ፍቺ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ ያ ፍቺ የማይሠራበትን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዲከራከሩበት ያድርግ። ከዚያ በኋላ ባንኮኒንና መደብን አስታውሶ የፍቺዎቹን ዝምድና ያስረዳ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ጀማ ወይም ስለ ወንጪት አንድ፣ ስለ ከተማው የገንዘብ ተቋም አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በመስተዋድዱ ላይ የሚታየው ስሕተት ፍቺው መለየቱን ወይም አለመለየቱን ለመምህሩ ይጠቁመዋል።

ማጠቃለያ

በደብተር ኅዳግ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር አጣምሮ መጻፍ ለመነሻ ይበቃል፤ ለመድረሻ ግን አይበቃም። በተለይ ወደ አማርኛ የገቡ የውሰት ቃላት የታወቁ ስለሚመስሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። የሌላ ትምህርት መምህራንም ለምዕራፉ አስፈላጊ የሆነ ቃል ከተለመደው ፍቺው ወጥቶ ሲመጣ አስቀድመው ቢያስረዱ፣ ተማሪው ስለ ወንዙ የሚያውቀውን በፈተና ወረቀቱ ላይ ለማስፈር ይችላል።