ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር ስለሚታሰር የሕመም ተጨማሪ ውል

የሕይወት ኢንሹራንስ የገባ ነጋዴ ሲሞት ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይከፈላል። ነገር ግን ያገኘው ሞት ሳይሆን ከባድ ሕመም የሆነ እንደ ሆነ፥ ሱቁ ተዘግቶ የባንክ ዕዳው ወለድ ሲወልድ፥ ዋናው ውል ብቻውን አይደርስለትም።

ይህን ጉድለት አስተውለው መላ የፈለጉለት ደቡብ አፍሪቃዊው የልብ ሐኪም ዶክተር ማሪየስ ባርናርድ ናቸው። በሽተኞቻቸው ከሞት ቢድኑም በገንዘብ ሲቸገሩ ስላዩ፥ በ1983 እ.ኤ.አ. ከአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ሆነው ለድንገተኛ የልብ ሕመም፥ ለካንሰር፥ ለስትሮክና ለልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚከፈልበት ውል እንዲወጣ አደረጉ። ዛሬ በብዙ አገሮች ይህን የመሰለ ዋስትና ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር በተጨማሪ ውል ይታሰራል። በአሜሪካም ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚሆን አለ፤ ይኸውም ሰውዬው ከመታጠብ፥ ከመልበስ፥ ከመብላት፥ ከመጸዳዳት፥ ከአልጋ ከመነሣትና ሽንትና ዓይነ ምድርን ከመቆጣጠር ቢያንስ ሁለቱ ያለ ረዳት ሲሳኑት የሚከፈል ነው።

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ለሕመሙ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚወጣ ነው። አንዳንዱ ውል ከዋናው ገንዘብ ላይ ቀድሞ የሚከፍል ሲሆን፥ ሌላው ዋናውን ሳይነካ ለብቻው የሚከፍል ነው። የኋለኛው አረቦኑ ከፍ ይላል።

ለምሳሌ፥ አንድ አስመጪ የ1,000,000 ብር የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶ፥ ባንክ ደግሞ 700,000 ብር አበድሮታል እንበል። ታሞ ከዋናው ላይ 400,000 ብር ቢወስድና ለሕክምና ቢያውለው፥ ሲሞት የሚቀረው 600,000 ብር ነው። ዕዳው ሳይቀነስ ከቆየ 100,000 ብር ይጎድላል፤ ለሚስትና ለልጆችም ከኢንሹራንሱ የሚተርፍ የለም።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባል።

አንደኛ፥ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስንት ቀን ሳይሞላ የታወቀ ሕመም እንደማይከፈልበት፤ እንዲሁም ከሕመሙ በኋላ ስንት ቀን በሕይወት መቆየት እንደሚያስፈልግ።

ሁለተኛ፥ ሕመሞቹ በውሉ እንዴት እንደ ተተረጐሙ። ካንሰር ሁሉ አይከፈልበትም፤ ገና ያልተስፋፋውን የሚያስቀሩ ውሎች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፥ በማመልከቻው ላይ የቀድሞ ሕመምን አለመደበቅ። የተደበቀ ነገር ኋላ ሲገለጥ ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል።

እንግዲህ ዕዳ ያለበት ነጋዴ ተጨማሪውን ውል ከመፈረሙ በፊት፥ ለሕመም የሚወሰደው ተቀንሶ የሚቀረው ገንዘብ ለዕዳውና ለቤተሰቡ መብቃቱን በወረቀት ላይ አስቦ ይመልከት፤ ብድሩ በጨመረ ቍጥርም ሒሳቡን ያድስ።