አዲሱን የኮምባይነር ስክሪን በሰው ማሳ ላይ አንማር

ለኦፕሬተሮች፣ ለረዳቶችና ለእኛ ለባለ ማሳዎች

አርሲና ባሌ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር የሚገኘው በወረፋ ነው። አሁን አሁን የሚመጡት ማሽኖች ማጨጃቸው ያው የምናውቀው ቢሆንም፣ ድሮ በማንሻና በቁልፍ ይሠራ የነበረው ብዙው ነገር ወደ ስክሪን ገብቷል። የለመድነው ስክሪንም ታድሶ የምልክቶቹ ቦታ ተለዋውጦ ይመጣል። ኦፕሬተሮቻችን በመውቂያው ድምፅ ብቻ ጉድለቱን የሚለዩ ባለሙያዎች ናቸው። ግን እጅ የለመደበት ይሄዳል፤ ሲሳሳት መሬት ላይ የሚቀረው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት ነው።

እናድርግ

- ማሽኑ ቆሞ ሳለ ገጾቹን አንድ በአንድ ከፍተን እንያቸው፤ ባለ ወረፋ ከቦ ቆሞ እያየው ማንም ተረጋግቶ አይማርም።
- የመውቂያው ፍጥነት፣ ነፋሱና ወንፊቱ የሚስተካከሉበትን ቦታ ቀድመን እንወቅ፤ ፍሬ የሚሰበረውም ከገለባ ጋር የሚወጣውም በእነዚህ ነው።
- የሰብሉን ዓይነት እናረጋግጥ፤ ትናንት ገብስ ያጨደው ማሽን የገብሱን ልክ እንደያዘ ስንዴ ውስጥ ሊገባ ይችላል።
- የስፋት መለኪያው ሄክታር መሆኑን እንይ፤ በኤከር ከሆነ 1 ሄክታር 2.47 ተብሎ ይነበብና ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላል።
- ረዳቱንም አብረን እናስተምር፤ ኦፕሬተሩ ቢታመም የሰው እህል ሜዳ ላይ አይደር።
- ሃያ ሠላሳ ሜትር አጭደን እንቁምና ወርደን መሬቱን እንይ።

የመጨረሻዋን አደራ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የብክነት ምልክት ግምት ነው፤ የወደቀውን ፍሬ አንድ በአንድ አይቶ አይደለም። 1,000 ፍሬው 40 ግራም የሚመዝን ስንዴ በየካሬ ሜትሩ 250 ፍሬ ከወደቀ፣ በሄክታር 1 ኩንታል ቀረ ማለት ነው። 250 ሲሉት ይበዛል፤ ገለባ ሥር ሲገባ ግን ዓይን አይሞላም። ቆጠራው ገለባው በወረደበት መስመር ብቻ ሳይሆን በማጨጃው ሙሉ ስፋት ይሁን፤ ከአጨዳ በፊት የረገፈውም ይቀነስ።

እናስወግድ

- እየነዳን ገጽ አንፈልግ፤ ቃርሚያ የሚለቅሙ ልጆች ከፊታችን ሊኖሩ ይችላሉ።
- ማስጠንቀቂያ ሳናነብ ነክተን አናጥፋ፤ የጋለ ማሽን በደረቅ ገለባ መሀል እሳት ቢያስነሳ የጎረቤትንም ማሳ ይዞ ይሄዳል።
- ጠዋት ያስተካከልነውን ልክ ቀኑን ሙሉ አንመነው፤ ጤዛ ያለበት ስንዴና የቀትሩ ስንዴ አንድ አይደሉም።
- ያልገባውን ኦፕሬተር አንሳቅበት፤ የተሳቀበት ሰው መጠየቅ ትቶ በግምት ይነካካል።
- እኛ ባለ ማሳዎችም «ቶሎ በል!» እያልን አንጩህ፤ እኔም ጮኼ አውቃለሁ፣ ያተረፍኩት ግማሽ ሰዓት በገለባ ውስጥ ቀርቷል።

ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ የተማሩ ልጆቻችን ማታ ከኦፕሬተሩ ጋር ቁጭ ብለው ቃላቱን በአማርኛም በኦሮምኛም በፕላስተር ላይ ይጻፉለት። ፕላስተሩን ግን አደራ፣ ጠርዙ ላይ ይለጥፉት እንጂ ስክሪኑን እንዳይሸፍኑት።