ከማዕድ ስለ መሸሽ፤ የትውከት ፍርሃት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታከም

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር በማዕድ አጠገብ ሊነገር አይገባም ተብሎ ዘወትር የሚታለፍ ነው። ይሁን እንጂ ባለመነገሩ ምክንያት ከጓደኞቻችን አንዱ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። እኛም ባለማወቅ ሕመሙን አባብሰንበታል። ስለዚህ ያየነውንና ያነበብነውን በቅደም ተከተል ለማቅረብ ተነሣሥተናል። ጓደኛችን ስሙ እንዳይጠራ እንጂ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

የምንኖረው ሦስት ሆነን፥ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት 24 ቀን የቤቱ ባለቤት እማማ የወሩን ዝክር አዘጋጅተው ጠሩን። ገና ማዕዱ ሲቀርብ የጓደኛችን ፊት ገረጣ። እማማ እንደ ወጉ ጠቅልለው፥ «አፈር ስሆን፥ ይህችን ብቻ!» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉለት ብድግ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እኛ በኀፍረት አቀረቀርን። እማማ፥ «ምነው ልጄ፥ እጄን ተጸየፈው?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው ብናጣ፥ «ጨጓራውን ያመዋል» ብለን ዋሸናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ

ማታ ብቻችንን ስንሆን ጓደኛችን ነገሩን ከሥሩ አጫወተን። ከሁለት ዓመት በፊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ለምሳ ቆመ፤ እርሱም ጥብስ በላ። መኪናው የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ዳገት ሲያያዘው ሆዱ ታወከ። ረዳቱ ፌስታል ይዞ ሳይደርስለት በልብሱና በአጠገቡ በተቀመጡት ሴት ነጠላ ላይ አስታወከ። ሴትዮዋ፥ «አይዞህ ልጄ፥ የመንገድ ነገር ነው» አሉት እንጂ አልተቆጡትም። ነገር ግን ከኋላ የሰማው ሳቅ ከጆሮው ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ጥብስ ተወ፤ ቀጥሎ ሥጋ በሙሉ ተወ፤ ከዚያም ዘይት የበዛበት ወጥ፥ ከዚያም በሰው ቤት የተሠራ ማንኛውም ምግብ። በመጨረሻ የቀረለት ደረቅ ዳቦ፥ ሻይና የተቀቀለ ድንች ብቻ ነበር። ወደ ስድስት ኪሎ በታክሲ ከመሄዱ በፊት ከቶ አይቀምስም። ኪሱ ውስጥ ሎሚና ፌስታል አይጠፋም። በክፍል ውስጥም የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። ቀበቶው ስለ ሰፋው በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቶለት ነበር።

አብረን እየኖርን ይህን ሁሉ ሳናስተውል የቀረነው ጾም ስለ ሸፈነው ነው። በአገራችን «ጾመኛ ነኝ» ያለን ሰው ማንም አይመረምረውም። ረቡዕና ዓርብ ከታወቁት አጽዋማት ጋር ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ፥ መሸሸጊያው ሰፊ ነው። ሆኖም ጾመኛ ሰዓቱ ሲደርስ ደስ ብሎት ይገድፋል፤ የፈራ ሰው ግን የሚገድፍበት ሰዓት የለውም።

ሊቃውንቱ ምን ይላሉ?

ይህ ፍርሃት በሕክምና መጻሕፍት «ኤሜቶፎብያ» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሆኖ ትርጓሜው የትውከት ፍርሃት ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ራሱ እንዳያስታውክ ይፈራል፤ አንዳንዱ ሌላው ሰው ሲያስታውክ ማየትን ይፈራል፤ አያሌ ሰዎች ግን ሁለቱንም ይፈራሉ። ፍርሃቱ ሰውየውን ከምግብ አርቆ ሰውነቱን ሲጎዳው ደግሞ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ባወጣው አምስተኛ መድበሉ፥ ምግብን የመሸሽና የመገደብ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን አስፍሯል። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም የጤና ድርጅት 11ኛ የሕመሞች ዝርዝርም ተቀብሎታል። ይህ ሕመም ለመክሳት ሲባል ከምግብ ከመታቀብ የተለየ ነው። ጓደኛችን መክሳቱን አልፈለገውም፤ እንዲያውም መስተዋት ባየ ቁጥር ያዝን ነበር።

ፍርሃቱ ሥር የሚሰድበት መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛ፥ ሰውነት ከአንድ ጊዜ መከራ ብዙ ይማራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ጆን ጋርሲያ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አይጦች በሳካሪን የጣፈጠ ውሃ በሚጠጡበት ጊዜ በሚያሳምም ጨረር አስመቷቸው። አይጦቹም ከዚያ በኋላ ጣፋጩን ውሃ ሸሹት። ያሳመማቸው ጨረሩ ሲሆን ጥፋተኛ የተደረገው ውሃው ነው። የደብረ ሲናው ጥብስም እንዲሁ ነው፤ ጥፋቱ የዳገቱ ሲሆን የተፈረደበት ጥብሱ ነው። የአገራችን ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፥ ፍርሃት ራሱ ያቅለሸልሻል። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደሙ ውስጥ ይበዛል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ አፍ ይደርቃል፤ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። ስለዚህ ምግቡ ሳይወርድ ይቆያል፤ ሆድም ይከብዳል። የፈራው ሰው ይህን ስሜት «ሊያስመልሰኝ ነው» ብሎ ይተረጉመውና ይበልጥ ይፈራል፤ ይበልጥ ስለ ፈራም ይበልጥ ያቅለሸልሸዋል። ባዶ ሆድም ያቅለሸልሻልና፥ እንዳያስታውክ ብሎ የሚራበው ሰው የሚሸሸውን ነገር ወደ ራሱ ይጠራዋል።

ሦስተኛ፥ ሽሽት ፍርሃትን ይቀልባል። ጓደኛችን ከማዕድ ተነሥቶ ሲወጣ ወዲያው ቀለል ይለዋል። አእምሮውም «የዳንሁት ስለ ሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ቢቀመጥ ኖሮ ፍርሃቱ በራሱ ጊዜ እንደሚበርድ የሚያውቅበት ዕድል አያገኝም። ሎሚውም፥ ፌስታሉም፥ በሩ አጠገብ መቀመጡም ሥራቸው ይኸው ነው።

ትውከት በራሱ ደስ የማይል ቢሆንም የሰውነት ዘበኛ ነው። በአንጎላችን ግርጌ በደም ውስጥ የሚገባውን መርዝ የሚቆጣጠር ትንሽ ክፍል አለ፤ አደጋ ሲያገኝ ሆድ የያዘውን እንዲያወጣ ያዛል። አያቶቻችን የኮሶ ትልን ለማስወጣት ኮሶ ሲጠጡ ማቅለሽለሹ እንደሚመጣ፥ መጥቶም እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር። ከፍርሃት የሚድነው ሰው መማር የሚኖርበት ይህንኑ ነው፤ ማቅለሽለሽ ይመጣል፥ ያልፋልም።

ሕክምናው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን ረድታ ነበር። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በመጀመሪያ ከሩቅ አሳየችው፤ ከዚያም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት አቀረበችለት። በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሏን በእጁ ደባበሰ። ዛሬ ለፍርሃት የሚሰጠው ሕክምና ብዙው ከዚህ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ አገርም በ2016 በታተመ አንድ ጥናት የትውከት ፍርሃት ያለባቸው 24 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። 12 ጊዜ በባለሙያ ከታከሙት ግማሾቹ ጉልህ መሻሻል ሲያሳዩ፥ ወረፋ ሲጠባበቁ ከቆዩት መካከል ግን እንዲህ የሆነላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ጓደኛችንም አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ ዘንድ በየሳምንቱ መሄድ ጀመረ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ የሄደበት ደረጃ የሚከተለው ነበር።

1. «ትውከት» የሚለውን ቃል መጻፍ፥ ጮክ ብሎም ማንበብ።
2. በክፍላችን ውስጥ ከተዋቸው ምግቦች በጣም ቀላል የሆነውን፥ ይኸውም ግማሽ እንጀራ በሽሮ፥ በታወቀ ሰዓት መብላት።
3. ከበላ በኋላ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ ሳይነሣ መቀመጥ።
4. ሎሚውንና ፌስታሉን ቤት ትቶ መውጣት።
5. ቁርስ በልቶ በታክሲ መሄድ፤ በመጀመሪያ እስከ ፒያሳ፥ ቀጥሎ እስከ ስድስት ኪሎ።
6. በተማሪዎች መመገቢያ ከሰው ጋር መብላት፤ በመጨረሻም ጥብስ።

አንዱ ደረጃ ሳይለመድ ወደ ሁለተኛው አይታለፍም። አንዳንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። በኅዳር ወር አንድ ሳምንት ሙሉ ዳቦና ሻይ ብቻ በልቷል። ባለሙያዋም አልተቆጣችውም፤ ከቆመበት አስጀመረችው።

ከጓደኛ የሚጠበቀው

እኛ ሦስት ስሕተት ሠርተናል። በመጀመሪያ «ሙድ ነው፥ ኩራት ነው» ብለን ቀለድንበት። ቀጥሎ «አንድ ያጣላል» እያልን በግድ ልናጎርሰው ሞከርን። በመጨረሻም፥ ነገሩን ካወቅን በኋላ፥ አዝነንለት ዳቦውን እየገዛን፥ «ያመኛል እንዴ?» ባለን ቁጥር ደግሞ «አያምህም» እያልን በቀን ሃያ ጊዜ ማልንለት። ይህ ሦስተኛው ደግነት ቢመስልም ሽሽቱን ማገዝ ነበር። አሁን የተማርነው፥ አለማስገደድ፥ አለማሾፍ፥ ምግቡን እንደ ወትሮው ማቅረብና አብሮ መቀመጥ ነው። ሲጠይቀንም «ያስፈራል፤ ግን ያልፋል፤ እስቲ አብረን እንቈይ» እንለዋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ምግብ የሚሸሽ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የጨጓራ ቁስለት፥ የአንጀት ተሕዋስያንና ሌላም በሽታ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ በሐኪም መመርመር ያስፈልጋል። በጣም የከሳ፥ የሚያዞረው፥ ራሱን የሚስት ወይም ደም የሚያስመልሰው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ለረጅም ጊዜ ተርቦ የቆየ ሰውም በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ አደጋ ስላለው በሐኪም እየታየ ይጀምር።

«የት እንሂድ?» ለሚል፥ ከሰፈራችን ብዙ የማይርቀው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ለስድብ ማዋል በመካከላችን የተለመደ ነው፤ በዚህ ስድብ ምክንያት ግን ስንቱ ተማሪ ሕክምናን ይሸሻል! በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ ለመሠልጠን የሚሻ ሐኪም ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ዛሬ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ስላሉን እናፍርባቸው ዘንድ አይገባም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሆድም ለአእምሮም ነው።

ጥር 24 ቀን እማማ እንደገና ጠሩን። ጓደኛችን ከዚያ በፊት ብቻውን ሄዶ ነገሩን ሁሉ ነግሯቸው ነበር። ስለዚህ እማማ በዚያ ቀን እጃቸውን አልዘረጉም፤ ትሪውን አቅርበው፥ «እንደ ቻልህ፥ ልጄ» አሉት። እርሱም ከፊቱ ያለውን ቀስ እያለ በላ፤ ላብ ቢያጠምቀውም ሳይነሣ ተቀመጠ። በመጨረሻ ትንሽ ጠቅልሎ፥ «እማማ፥ ይህችን ከእጄ ይቀበሉኝ» ብሎ አጎረሳቸው። ፈጽሞ ድኗል አንልም፤ አሁንም ረጅም መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ይከብደዋል። ይሁን እንጂ የሚስማሩን ቀዳዳዎች አልፎ በመጀመሪያው ቀዳዳ ይታጠቃል፤ ትምህርቱንም አላቋረጠም።

አንባቢ ሆይ፤ በአንተ ወይም በአንቺ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ «በልቻለሁ» የሚል ጓደኛ ቢኖር፥ ሳታሾፉ አንድ ጊዜ ብቻውን ጠይቁት። እኛ የጠየቅነው ዘግይተን ነው።