የካርቱን ፊልም በሚታይበት ማታ፦ ለአርዲቦ ዙሪያ ወላጆችና ታላላቆች ማሳሰቢያ

በቅድሚያ ወሎ ውስጥ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረን፣ ፕሮጀክተሩን እኔው አገናኝቼ፣ «ዘ ላየን ኪንግ»ን ለልጆች አሳየን። ፊልሙ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አሮጌ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ላላየው ልጅ ግን አዲስ ነው።

ንጉሡ አንበሳ ሙፋሳ ከገደል ተወርውሮ በሚጋልበው መንጋ እግር ሥር ሲሞት ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ሲምባ የአባቱን ሬሳ ገፋ ገፋ አድርጎ አልነሣ ሲለው ክንዱ ሥር ገብቶ ተኛ። ቀጥሎ አጎቱ አስፈራራውና ሸሸ። ይኼን ጊዜ ከፊት ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ፣ ቢበዛ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ብድግ አለና «የአባቱን ጀናዛ ጥሎ ይሄዳል እንዴ? ማን ሊቀብረው ነው?» ብሎ ጮኸ። ከኋላ የቆሙት ጎረምሶች ሳቃቸውን ለቀቁት። አንድ ትልቅ ሰው «ቁጭ በል አንተ፣ ካርቱን እኮ ነው!» አለው። ልጁ ተቀመጠ፤ ፊልሙ እስኪያልቅ ግን ቀና አላለም።

ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል ፊልሙን በትክክል ያየው እሱ ነበር። የቀብር መረዳጃው ቅሬ ሲጠራ አባቱ ሞፈሩን ጥሎ ሲሮጥ አይቷል፤ ጎረቤት ሲሞት ማን እንደሚቆፍር፣ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል ያውቃል። የሰው ሬሳ ሜዳ ላይ ተጥሎ ሲቀር ሕሊናው አልቀበል አለው። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ ያንን ሕሊና በሳቅ አስቀመጥነው። ይህን ማሳሰቢያ የምጽፈው በዚያ ማታ ምክንያት ነው፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የቀበሌ ግቢ ወይም የጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት ለምትሰበሰቡ ሁሉ።

ልጅ ሲያለቅስ፣ ሲጮኽ፣ ተነሥቶ ሲጠይቅ አትሳቁበት፣ አታሳፍሩት። ቃሉ እኮ በእጃችን ነው፤ «አብሽር» ማለት ከወሎ ሰው በላይ ማን ያውቅበታል! አጠገቡ ጠጋ በሉ፣ ትከሻውን ያዙ፣ «አብሽር ልጄ፣ እኔም አዝኛለሁ» በሉት። ይበቃዋል። ጥያቄውን በዚያው ሰዓት መመለስ ካልቻላችሁ «ሲያልቅ እንነጋገራለን» በሉና ቃላችሁን ጠብቁ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውንም በዚያ ማታ ቤት አስቀምጣችሁት ኑ።

«ውሸት ነው» አትበሉት። ውሸት ያልሆነ ነገር ስላየ ነው ያለቀሰው። ይልቁንስ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩት። የደብተሩን ጠርዝ ያዙና በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ አንዲት ታንኳ ሣሉ፤ በሚቀጥለው ገጽ ያችኑ ታንኳ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ሣሉ፤ ሃያ ገጽ ያህል እንዲህ ቀጥሉ። ከዚያ ገጾቹን በአውራ ጣታችሁ ቶሎ ቶሎ ልቀቋቸው፤ ታንኳዋ ሐይቁን ስትሻገር ታያላችሁ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። «ዘ ላየን ኪንግ» 88 ደቂቃ ነው፤ ብታሰሉት ከ126 ሺህ በላይ ምስል ይሆናል። ይህን ያየ ልጅ ፍርሃቱ ወደ መደነቅ ይለወጥለታል። አንዳንዱም እርሳስ ፍለጋ ይሮጣል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ፊልሙን ሳታዩ ለልጅ አታሳዩ። ካርቱን ሁሉ የልጅ አይደለም። አንድ ሁለት ሰው ቀደም ብሎ እስከ መጨረሻው ይየውና የሚያስደነግጠው ቦታ የት እንደሆነ ይወቅ፤ እዚያ ሲደርስ ትንንሾቹን እቅፍ ማድረግ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ የታዘሉትና ገና ድክ ድክ የሚሉት እቤት ቢቀሩ ይሻላል። ሌላ ሰው ከሌለና ይዛችኋቸው ከመጣችሁ ከኋላ፣ በር አጠገብ ተቀመጡ፤ ሲሰለቻቸው ውጡ።

ቶሎ ቶሎ የሚብለጨለጭ ብርሃን ካለበት አስቀድማችሁ ተናገሩ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። በ1997 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በጃፓን የ«ፖኬሞን» ካርቱን አንድ ክፍል ሲተላለፍ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን እየተፈራረቀ በመብለጭለጩ ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. «ኢንክሬዲብልስ 2» ለእይታ ሲቀርብም አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤቶች በራቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ነበር። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ለአዘጋጁ በጆሮው ንገሩት፤ አያሳፍርም። ክፍሉንም ድቅድቅ ጨለማ አታድርጉት፣ ልጆቹንም ስክሪኑ ሥር አታስጠጉ።

ልጅ ከወደቀ ደግሞ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። ይህ ልማድ ለልጁ የሚፈይደው ነገር የለም፣ ፊቱንም ሊያቃጥለው ይችላል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አትክተቱ። እጅ እግሩን ጨምድዳችሁ አትያዙት። ዙሪያውን ክፍት አድርጉ፣ ጭንቅላቱ ሥር ጋቢ አንጥፉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በለሃጭ አይተላለፍም፤ ጂንም አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው። ሲነቃ የመጀመሪያ የሚያየው የእናቱን ፊት እንጂ የከበበውን ሕዝብ አይሁን።

የሚተረጉመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት አንድ ድምፀ መልካም ሰው ምረጡ፤ ሌላው ይስማ። አሥር ሰው እኩል ሲተረጉም ልጁ አንዱንም አይሰማም። አስተርጓሚውም ገጸ ባሕርያቱ ሲዘፍኑና ዝም ሲሉ እሱም ዝም ይበል። ዝምታውን በወሬ መሙላት የለበትም፤ ልጁ ዝም ያለውን ፊት ራሱ ያነበዋል።

መጨረሻውን የምታውቁ ወጣቶች፣ እባካችሁ አትንገሩ። «አሁን ይሞታል! አሁን ይገፋዋል!» እያሉ ቀድሞ መጮኽ ጉብዝና አይደለም። ፊልም ላይ ሕፃናትን መረበሽ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የ«ሚኒየንስ» ፊልም ሲወጣ ሱፍ ለብሰው በቡድን የሚገቡ ወጣቶች ሕፃናቱን እስከ መረበሽ በመድረሳቸው እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ሱፍ የለበሰ ቡድን እስከ መከልከል ደርሰዋል። ደስታችሁን ማንም አይነጥቃችሁም። ከኋላ ቁሙ፣ ከልጆቹ ጋር ሳቁ፣ በልጆቹ ላይ ግን አትሳቁ።

የሚያለቅስ ልጅ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። በምንም ምክንያት። የሚጣፍጥ ሳቅ ቢሆንም ወላጁን ሳትጠይቁ አትለጥፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል፤ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያስከብረው እናንተ እጅ ላይ ያለው ስልክ ነው። አንድ ልጅ በስድስት ዓመቱ ያለቀሰውን ለቅሶ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ጓደኞቹ እያሳዩ ሊሣለቁበት አይገባም።

ሴቶቹን ልጆች ላኩ። አንዱ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ወንዶቹ ከብቱን በረት አስገብተው ሲሮጡ እህቶቻቸው ውኃ ሊቀዱ፣ ሕፃን ሊያዝሉ፣ እራት ሊሠሩ ይቀራሉ። በዚያ ቀን አባትየው ውኃውን ቢቀዳ ምን ይጎድልበታል? አገራችን ውስጥ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ የሠሩት «ጥበብ ገርልስ» የተባለው ካርቱን ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን የሚታገሉ ልጃገረዶች ታሪክ ነው። የተሠራው በተለይ ለእነሱ ሆኖ ሳለ እነሱ ሳያዩት ቢቀር ግፍ ነው። እነዚሁ ሰዎች ቀደም ሲል «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በአሻንጉሊት ሠርተው ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረቡልን ናቸው፤ ቀጭኔዋን ፀሐይን የማያውቅ ወጣት ወላጅ ጥቂት ነው።

መቀመጫውን በሀብትና በልብስ አትከፋፍሉ። ባዶ እግሩን የመጣውን እረኛ ወደ ኋላ አትግፉት፤ አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ፣ ሌላ ሥርዓት አያስፈልግም። ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ አይጠየፍ ብለን የምንጠራው የወሎ ሰዎች ነን።

ሰዓቱን ከመግሪብና ከሰርክ ጸሎት ጋር አታጋጩ። በረመዳንም ከተራዊህ ጋር።

አባቶችንና እናቶችን ጥሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ዛሬም ፊልም ሲባል ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ሸሆች፣ ቄሶችና አያቶች አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነውና። ከኋላቸው አታሙአቸው። ቀድመው እንዲያዩት ጋብዟቸው፣ ከልጆቹ አጠገብ ወንበር ስጧቸው፣ አስተያየታቸውንም ስሙ። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ያወሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በየቤቱ የተወደዱት አያት የሚመስል ሰው ስለነበሩ ነው። አያት አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ሲፈራ ወዴት እንደሚሸሽ ያውቃል።

ጄኔሬተሩን ውጭ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ክፍሉ በማይመልስበት በኩል አድርጉት። እየሠራ ቤንዚን አትጨምሩ። ብርድ ነው ብላችሁም የከሰል ምድጃ ይዛችሁ አትግቡ፤ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል። አርዲቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ማታው ይበርዳል፤ ጋቢና ፎጣ ይዛችሁ ኑ። የሃይላንድ ፕላስቲኩንና የሸንኮራውን ልጣጭ ሰብስቡ፤ እዚህ የጣልነው ዝናብ ሲመጣ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

ፊልሙ እንዳለቀ ፈተና አታድርጉት። «ምን ተማርክ?» ብሎ ወዲያው መጠየቅ ልጁ ያየውን ትቶ እናንተ የምትፈልጉትን እንዲናገር ያደርገዋል። «የቱ ጋ ደነገጥክ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። ከዚያ ያውራ። ቤት የቀረ ወንድም ወይም እህት ካለ ሌሊቱ ቢገፋም ያውራለት፤ «ዝም ብላችሁ ተኙ» አትበሏቸው። ጀናዛው ያስጨነቀውን ያን ልጅ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ታሪኩን እንዲተርክልን ጠየቅሁት። ተነሥቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከው። በእሱ ትረካ ሲምባ ሲመለስ መጀመሪያ የሄደው ወደ ዙፋኑ ሳይሆን ወደ ገደሉ ነው። ጎረቤቶቹን ጠርቶ፣ አስቆፍሮ አባቱን ቀበረ። ከዚያ በኋላ ነው አጎቱን የተጣላው። ክፍሉ ውስጥ አንድም የሳቀ ልጅ አልነበረም።

እግረ መንገዴን ለሽማግሌዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በ2025 እ.ኤ.አ. ቻይናውያን ከጥንት ተረታቸው የሠሩት «ኔ ዣ 2» የተባለ አኒሜሽን ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። እኛም ተረት አለን። ታች ሎጎ ሐይቅ እንዴት እንደተፈጠረ የሚነገረውን ታውቁታላችሁ፦ ልዕልቲቱ አንዲት ነፍሰ ጡር በደለች፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ ምድሩ ሁሉ ውኃ ሆነ፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለውም እዚያ ላይ ነው ይባላል። ይህን ፊልሙ በታየ ማግሥት ለልጆቹ ንገሯቸው። የአርዲቦንም የምታውቁ ንገሩ። ደብተርና እርሳስ ያለው ልጅ አሁን አለ።

በመጨረሻ፣ ልጆቹን ሲገቡ ቆጥራችኋቸው ከሆነ ሲወጡም ቁጠሯቸው። ባትሪ ያለው ከፊትና ከኋላ ይሁን፤ ብቻውን የሚሄድ ልጅ አይኑር። በአርዲቦ ዳር ጨለማ ሲሆን ሣሩና ውኃው አይለይም። ልጃችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ።